ጉልበት የሚከዳው ከየት ነው?

እናንተዬ፣ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ወንበር ላይ ደልደል ብላችሁ ተቀመጡና ቀኝ እጃችሁን ቀኝ ጭናችሁ ላይ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ። አሁን እግራችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ዘርጉ። ከመዳፋችሁ ሥር ጠንክሮ የተነሣው ሥጋ ተሰማችሁ? እሱ ነው! አራት ራስ ያለው ትልቅ ጡንቻ ነው፤ አራቱም ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ጅማት ይሆኑና የጉልበትን ሎሚ አቅፈው ቅልጥም አጥንት ላይ ይያዛሉ። ከወንበር የሚያስነሣን፣ ሚኒባስ ላይ የሚያወጣን፣ ደረጃ ስንወርድ ጉልበታችን ድንገት እንዳይታጠፍ ይዞ የሚያቆየን እሱ ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ጡንቻው አይደለም። እነዚያን አራቱንም የሚያዝዛቸው ነርቭ አንድ መሆኑ ነው። አንድ ብቻ! እሱ ሲጎዳ ሥራውን ተረክቦ ጉልበት የሚዘረጋ ሌላ ነርቭ የለም። ሐኪሞች ፊሞራል ይሉታል፤ እኛ የጭን ነርቭ እያልነው እንቀጥል።

ይህ ነርቭ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ማየት የፈለገ እኛ ሰፈር፣ ብስራተ ገብርኤል ይምጣ። ወር በገባ በ19 ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ ቆም ብላችሁ ፊቱን ሳይሆን እግሩን እዩ። ደረጃ መውጣት የሚከብድ ይመስለናል፤ ጭናቸው የደከመ ሰዎች ግን አብልጠው የሚፈሩት መውረዱን ነው። ለምን? ስንወርድ መላ ሰውነታችን ለአፍታ በአንድ በታጠፈ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ያ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን በቀስታ ማውረድ አለበት። ትእዛዙ ካልደረሰው ጉልበት እጥፍ ይላል። ስግደትም እንደዚሁ ነው። ዝቅ ማለቱ ብዙም አይከብድም፤ መነሣቱ ግን የዚህ ጡንቻ ሥራ ነው። በስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምረው ሲሰግዱ የሚውሉ እናቶችና አባቶች ይህን ነርቭ ስንት ጊዜ እንደሚያሠሩት አስቡት!

እሺ፣ አሁን ወደ መንገዱ። ለእኔ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ የነርቩን መንገድ ከመነሻው ስከታተል ነውና አብራችሁኝ ውረዱ።

መነሻው ጭን አይደለም፤ ወገብ ነው። ከህብለ ሰረሰር የሚወጡ ሦስት ሥሮች በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ4ኛው የወገብ አከርካሪ ሥር ብቅ ይሉና ተገናኝተው ነርቩን ይሠራሉ። የሚገናኙት የት መሰላችሁ? ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ታች በሚወርድ ረጅም ጡንቻ ውስጥ። ይህን ጡንቻ እኮ ታውቁታላችሁ! ከበሬ ሲወጣ ፊሌቶ ብለን የምንገዛው እሱ ራሱ ነው። በሬው ብዙም ስለማያሠራው ይለሰልሳል፤ በሁለት እግር የምንሄደው እኛ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጭናችንን የምናነሣበት ብርቱ ሠራተኛ ነው። ሐኪሞች ሶአስ የሚሉት ይህን ነው።

ነርቩ በሶአስ ውስጥ ያልፍና በውጪው ጠርዝ በኩል ብቅ ይላል። እዚያ ደግሞ የዳሌን አጥንት ከውስጥ በኩል የሸፈነ ሌላ ሰፊ ጡንቻ አለ። ነርቩ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ከላዩ ብዙም የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን አለበት። ይህን ሽፋን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ብሽሽት ነው። ከዳሌ አጥንት ጫፍ ተነሥቶ ከሆድ ግርጌ እስካለው አጥንት ድረስ አንድ ጠንካራ ጅማት ተወጥሯል። ነርቩ ከዚህ ጅማት ሥር ሾልኮ ወደ ጭን ይወጣል። እዚህ ግን ብቻውን አይደለም። ብሽሽታችሁ መሃል ላይ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ ጫን ብትሉ ትር ትር የሚል የደም ሥር ታገኛላችሁ። እግርን የሚመግበው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። ነርቩ ከእሱ አጠገብ በውጪው ጎን ነው፤ ደም መልሱ ደግሞ በውስጥ በኩል። ሦስቱ ጎን ለጎን! ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ይህን ያህል ለቆዳ ቀርቦ መገኘቱ ያስደንቃል፣ ትንሽም ያስፈራል።

ከጅማቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እንዳለ ነርቩ ይበተናል። ግማሹ ወደ አራቱ ጡንቻዎች፣ ግማሹ ወደ ጭን ፊት ቆዳ ይሄዳል። አንዱ ቅርንጫፍ ግን አይቆምም። በጭን ውስጥ ጎን ወርዶ፣ ጉልበትን አልፎ፣ በባት ውስጥ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት ይዘልቃል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል የደነዘዘ ሰው ጉዳቱ ብሽሽቱ ላይ፣ እንዲያውም ሆዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉድ አይደለም?

አሁን የቤታችሁን የኤሌክትሪክ ገመድ አስቡ። ከቆጣሪ ተነሥቶ፣ በግድግዳ ውስጥ አልፎ፣ በበር ሥር ሾልኮ ማእድ ቤት ይደርሳል። ምጣዱ አልሞቅ አለ እንበል። ምጣዱን ፈትታችሁ ብትገጥሙት ምንም አታገኙም፤ ገመዱ ያለፈበትን ተከትላችሁ የቱ ጋ እንደተጫነ፣ የቱ ጋ እንደተቆረጠ ትፈልጋላችሁ። ጉልበቴ ከዳኝ የሚል ሰውም እንደዚያው ነው። ጉልበቱን ቢያሳሸው፣ ራጅ ቢያነሣው፣ ጉልበቱ ደህና ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲገባኝ እልል ማለት ነው ያማረኝ! የዚህን ነርቭ ጉዳት ምክንያቶች በዝርዝር ብቻ ላነበበ ሰው ዝብርቅርቅ ያሉ ናቸው፤ ወሊድ፣ የደም ማቅጠኛ ክኒን፣ የቲቢ መግል፣ የቡአ ቀዶ ጥገና፣ የሥጋ ቆራጭ ቢላዋ። ምን ያገናኛቸዋል? መንገዱ ነዋ! እያንዳንዱ በዚያ መንገድ ላይ አድራሻ አለው። መንገዱን የያዘ ሰው ምክንያቶቹን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ራሱ ሊያገኛቸው ይችላል።

በመጀመሪያ ሆድ ውስጥ ያለውን ክፍል እንይ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነውና። በአገራችን በልጅነታቸው በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልባቸውን ቫልቭ የጎዳባቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ደም እዚያ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልካቸውን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ሕይወት ያተርፋል። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ግን ሰውነት በትንሽ ነገር፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች ምት ይደማል። ከሚደማባቸው ቦታዎች አንዱ ያ የዳሌ ጡንቻ ነው።

አሁን ያንን ሽፋን አስታውሱ! ክንድ ላይ ብንደማ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ እናየዋለን። እዚያ ውስጥ ግን ሽፋኑ አይለጠጥም፤ ደሙ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በመጨረሻ አብሮ የታሸገው ነርቭ ላይ ያርፋል። ነርቭ ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት፤ እነሱ ሲጨመቁ ይታፈናል። በሽተኛው መጀመሪያ ብሽሽቱንና የሆዱን ግርጌ ያመዋል። ጭኑን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይተኛል፤ እግሩን ሊዘረጉለት ቢሞክሩ ይጮኻል። ከዚያ የጭኑ ፊት ይደነዝዛል፤ ልነሣ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። ለልብ ተብሎ የተወሰደ ክኒን፣ በሆድ ውስጥ አልፎ፣ ጉልበት አስከዳ! ይህን ሰንሰለት ዳር እስከ ዳር ካያችሁት በኋላ ሕመምተኛውን ወደ ወጌሻ መውሰድ ለምን እንደማይሆን ራሳችሁ ትናገራላችሁ። ማሸቱ የሚደማውን ሊያብሰው ይችላል። የሚያስፈልገው የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን፣ የመድኃኒቱን ኃይል የሚመልስ ሕክምና ነው፤ አንዳንዴም ደሙን የሚያወጣ ቀዶ ጥገና። ሰዓት ይቆጠራል።

ደማቸው ከውልደት ጀምሮ በቀላሉ የማይረጋ ሰዎችም እዚያው ቦታ ይደማሉ። ጤነኛ ታዳጊዎችም እንኳ፣ ጂምናስቲክ ሲሠሩ እግራቸው በኃይል ወደ ኋላ ሲሳብ ያ ጡንቻ ተሰንጥቆ ደም የሚቋጥርበት ጊዜ አለ።

ቲቢስ? ቲቢ ሳንባ ብቻ ይመስለናል፤ የወገብ አከርካሪንም ይበላል። እዚያ የሚቋጠረው መግል የሶአስን ሽፋን ተከትሎ ቁልቁል ይወርድና ብሽሽት ላይ እብጠት ሆኖ ብቅ ይላል። ሰው ቡአ ነው ሊል ይችላል፤ መነሻው ግን ወገቡ ነው። መግሉ የሄደበት መንገድና ነርቩ የሄደበት መንገድ አንድ ነው! ወገቡን ለወራት ያመመው፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ሰው ብሽሽቱ ላይ እብጠት ካወጣ ወገቡም መታየት አለበት።

የሆድና የማሕፀን ቀዶ ጥገና እዚሁ ይገባል። ሐኪሙ ውስጡን ለማየት የቁስሉን ከንፈር ከፍቶ የሚይዝ የብረት መሣሪያ ያስገባል፤ የመሣሪያው ምላስ ሶአስ ላይ ለረጅም ሰዓት ከተጫነ ነርቩን ይጨፈልቀዋል። ጎበዝ ቀዶ ሐኪም አጭር ምላስ ይመርጣል፤ በየጊዜውም ላላ ያደርገዋል።

ወደ ብሽሽት እንውረድ። እዚህ ላይ ስለ እናቶች ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን ብዙ ቤት የሚመለከት ነውና።

ያንን ብሽሽት ላይ የተወጠረ ጅማት አስቡ። አንዲት ወላድ ጀርባዋን ተንጋልላ፣ ጭኖቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ጉልበቶቿን ወደ ውጪ ከፍታ ለረጅም ሰዓት ስታምጥ ነርቩ ከጅማቱ ሥር ይታጠፋል፣ ይወጠራልም። በደንብ እንዲታያችሁ ራሳችሁ ተንጋላችሁ ሞክሩት፤ ብሽሽታችሁ ላይ ያለው እጥፋት ምን ያህል እንደሚጠብቅ ይሰማችኋል። ለአፍታ ከሆነ ነርቩ ይችለዋል። ለሰዓታት ከሆነ ይደነዝዛል። ማደንዘዣ በወገብ በኩል የተሰጣት እናት ደግሞ እግሯ ሲደነዝዝ የሚያስጠነቅቃት ስሜት ስለሌላት ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። በማግስቱ ሕፃኗን ልታነሣ ስትል ጉልበቷ ይከዳታል። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ብርድ መታት የሚልም አይጠፋም። ብርድ አይደለም፤ የታጠፈ ነርቭ ነው። ደስ የሚለው ነገር አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ። እስኪድኑ ድረስ ግን ሕፃን ታቅፈው ብቻቸውን ደረጃ መውረድ የለባቸውም። ይህ ምክር ቀላል ይመስላል፤ የሁለት ሰው አጥንት ያድናል።

በወሊድ የሚጎዳ ነርቭ ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። ለቀናት አምጠው ወደዚያ ከመጡት እናቶች መካከል ከፌስቱላው በተጨማሪ የእግራቸውን ጫፍ ማንሣት ያቃታቸው ነበሩ፤ ሲራመዱ ጣታቸው መሬት ይጎትታል። እዚያ የተጎዳው ወደ እግር ጀርባ የሚሄደው የሌላው ነርቭ መስመር ነው፤ በዳሌ ውስጥ የተቀረቀረው የሕፃኑ ጭንቅላት ጨፍልቆት። ልዩነቱን አያችሁ? ጉልበት የሚከዳትና እግሯ የሚጎተትባት እናት ሁለቱም በምጥ ተጎድተዋል፤ የተጎዳው መስመር ግን ለየቅል ነው። እግር የትኛውን ሥራ እንዳቃተው በማየት ብቻ ይህን መለየት መቻል ድንቅ ነው!

ብሽሽት ላይ የቀረው ብዙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበል። ቡአ ሲሰፋ ክር ወይም ጠባሳ ነርቩን ሊይዘው ይችላል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲቀየር ወይም ዳሌ በመኪና አደጋ ሲሰበር አጥንቱና መሣሪያው ለነርቩ ቅርብ ናቸው። የልብን ደም ሥር ለመመርመር ወይም በአስቸኳይ ኩላሊት ለማጠብ በብሽሽት በኩል ቱቦ ሲገባ፣ ደም ቅዳው ከደማ የሚቋጠረው ደም ጎረቤቱን ነርቭ ይጫነዋል። ለዚህ ነው ነርሷ ቱቦው ከወጣ በኋላ ቦታውን አጥብቃ የምትጫነው፣ እግርህን አትጠፍ የምትለውም።

ከዚያ ደግሞ ስለት። ልኳንዳ ቤት ውስጥ አጥንት ከሥጋ የሚለይ ሰው ቢላውን ወደ ራሱ ሲስብ ብታዩት ጫፉ የሚያመለክተው የት ነው? ብሽሽቱን! ቢያዳልጠው ደም ቅዳውንም ነርቩንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል። በዓለም ላይ ሥጋ ቆራጮች በዚህ ጉዳት የታወቁ ናቸው፤ ሥጋ በሚቆረጥባቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች የሽቦ መከላከያ የሚለብሱትም ለዚህ ነው። በዓል ሲደርስ በየግቢያችን በሬ የምናወራርድ ሰዎች ቢላዋ ከራስ ማራቅን ልማድ ብናደርግ ምንኛ ጥሩ ነበር። የበሬ ቀንድም ቁመቱ ከሰው ብሽሽት ጋር ይገጥማል፤ ጥይትም ነርቩን ሊመታው ይችላል።

ቁስል ሳይኖር፣ ምንም ሳይጫነው የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አንዳንዴ በአንድ ጭናቸው ድንገተኛ ከባድ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ሌሊት ይብሳል። በሳምንታት ውስጥ ጭኑ ይመነምናል፣ ጉልበቱ ይከዳል፣ ሰውየው ይከሳል። እዚህ ላይ የታመሙት ነርቩንና ሥሮቹን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ቀስ ብሎ፣ በወራት ውስጥ አብዛኛው ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የወደድኩትን ልንገራችሁ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ሥጋ ደዌን ሲያክም የኖረ ነው። ሥጋ ደዌ የነርቭ ጠላት ነው፤ የክርንን፣ የጉልበትን ጎን፣ የቁርጭምጭሚትን ነርቭ ይበላል። የጭንን ነርቭ ግን በአብዛኛው አይነካውም! ለምን? ጀርሙ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ከቆዳ ሥር ያሉት ነርቮች ይቀዘቅዛሉ፤ የእኛው ደግሞ በሆድ ሙቀትና በጡንቻ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል። ያው ጥልቀቱ በደም መቋጠር ጊዜ ያስጨንቀዋል፤ ከሥጋ ደዌ ደግሞ ይጠብቀዋል።

ጉልበት በከዳ ቁጥር ግን ይህ ነርቭ ነው ማለት አይደለም። ሐኪም እንዴት ይለያል? በትንሿ የጎማ መዶሻ! ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት መታ ሲያደርግ እግር ወደ ፊት ይወረወራል። ኤርብና ቬስትፋል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1875 በየፊናቸው ጽፈውታል። ዜናው በጭን ነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ይወጣል፤ ትእዛዙ በዚያው በጭን ነርቭ ይመለሳል። አእምሮ አልተጠየቀም! ነርቩ ከተጎዳ እግሩ አይወረወርም።

የጓያ በሽታን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በደምቢያና በፎገራ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ይህ ሽባነት ጉዳቱ ከላይ፣ ከአእምሮ ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ ነው። እግር ይገትራል፤ መዶሻው ሲነካው ከልክ በላይ ይወረወራል። ፖሊዮ ደግሞ ትእዛዝ ሰጪዎቹን ሴሎች ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገድላል፤ እግሩ ይዝላል እንጂ ቆዳው አይደነዝዝም። በመንገዳችን ላይ ጭናቸውን በእጃቸው እየደገፉ የሚራመዱ ሰዎችን አይታችሁ ይሆናል፤ እጃቸው የዚያን ባለ አራት ራስ ጡንቻ ሥራ እየሠራ ነው። አበበ ቢቂላም ትዝ አለኝ። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቶኪዮ ላይ በ1964 ማራቶንን ያሸነፉት እነዚያ ጭኖች በ1969 ከደረሰበት የመኪና አደጋ በኋላ አልታዘዙም። ጭኑ ላይ ያለው ነርቭ ግን አልተቆረጠም ነበር፤ የተጎዳው ትእዛዙ ከላይ የሚመጣበት ህብለ ሰረሰር ነው።

የጭኑ ውጪ ጎን ብቻ የሚያቃጥለውና የሚደነዝዘው፣ ጉልበቱ ግን ብርቱ የሆነ ሰው ደግሞ ቀበቶውን ያላላ። እዚያ የተጫነው ሌላ፣ ስሜት ብቻ የሚያመላልስ ትንሽ ነርቭ ነው፤ ጠባብ ሱሪና እርግዝናም ያስጨንቁታል።

ሲጎዳ ይድናል ወይ? ወደ ገመዳችን እንመለስ። ኸርበርት ሴደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነቱ መሃል፣ የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፈለው። አንደኛው በገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች የየራሳቸው ልባስ ብቻ ሲጨፈለቅ ነው፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ሁለተኛው ከውጪ ያለው ልባስ ሳይቆረጥ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ሲበጠሱ ነው፤ እንደገና ያድጋሉ፣ ልባሱ መንገድ ያሳያቸዋል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መቆረጥ ነው፤ ቀዶ ሐኪም ካልሰፋው መንገዱን አያገኘውም።

የተበጠሰ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ! በወር 3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እስኪ አብረን እናስላ። ከብሽሽት እስከ ጭን ጡንቻ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 4 ወር ይወስዳል። እስከ ቁርጭምጭሚት 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከ2 ዓመት በላይ! ጉልበት ተመልሶለት ቁርጭምጭሚቱ ገና የደነዘዘ ሰው ያልዳነ ይመስለዋል፤ ነርቩ ግን በራሱ ፍጥነት እየወረደ ነው። ዕድላችን ደግሞ ዋናው ጡንቻ ለብሽሽት ቅርብ መሆኑ ነው፤ የእግር ጫፍን የሚያዝዘው ነርቭ መቀመጫ ላይ ቢቆረጥ ስንት እጥፍ ይርቀዋል። እስከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ ጡንቻው እንዳይመነምን ያሠራዋል፣ ለጉልበትም መደገፊያ ያስራል።

እንግዲህ እባካችሁ፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወዳጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ንገሩት፦ የደም ምርመራ ቀጠሮውን አያሳልፍ፤ ብሽሽቱን አሞት ጭኑ ከደነዘዘ ወይም ጉልበቱ ከከዳው ሳያድር፣ ሳይታሽ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ምጥ ላይ ያለች እናት አጠገብ የምትቆሙ ደግሞ በየመሃሉ እግሯን ዘርግታ እንድታሳርፍ አዋላጇን ጠይቁላት።